ካንሰር ወደ አከርካሪ ሲዛመት የደም ሴሎች ቁጥር ምን ይናገራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጡት፣ የሳንባ ወይም የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አከርካሪ ሲዛመት ሐኪሙ ታማሚው ምን ያህል ጊዜ ሊኖር እንደሚችል መገመት ግድ ይለዋል። ከባድ ቀዶ ሕክምና ይሻላል ወይስ ጨረር ብቻ የሚለው በከፊል የሚወሰነው በዚህ ግምት ነው። ለግምቱ ከሚረዱት አንዱ ከተለመደው የደም ምርመራ (ሲቢሲ) የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ኒውትሮፊል ለሊምፎሳይት ሲካፈል የሚመጣው (ሁለቱም የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው)። በዚህ ቁጥር ዙሪያ ብዙ ስሕተት ይነገራል።

«ነጭ የደም ሴል ልክ ከሆነ ስጋት የለም»

ድምሩ ልክ ሆኖ ውስጡ ሊዛባ ይችላል። ሁለት ሰዎች በማይክሮ ሊትር እኩል 8,000 ነጭ የደም ሴል አላቸው እንበል። የአንዱ 60 በመቶ ኒውትሮፊል፣ 30 በመቶ ሊምፎሳይት ነው፤ ውጤቱ 2። የሌላው 80 እና 10 በመቶ ነው፤ ውጤቱ 8። በጥናቶች እንደታየው ከፍ ያለው ቁጥር ባጠቃላይ ከአጭር ዕድሜ ጋር ይያያዛል። ስሌቱን በመቶኛም ሆነ በፍጹም ቁጥር (በማይክሮ ሊትር ባለው የሴል ብዛት) መሥራት ይቻላል፤ ሁለቱን መቀላቀል ግን አይቻልም።

«ደሙ መቼም ቢቀዳ ለውጥ የለውም»

ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ህብለ ሰረሰር ሲጨመቅ እብጠቱን ለመቀነስ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ይሰጣል። መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ኒውትሮፊሎች ወደ ዝውውሩ ይለቃል፣ ሊምፎሳይቶችን ደግሞ ከደም ያሸሻል። ስለዚህ 3 የነበረው ቁጥር በካንሰሩ ምክንያት ሳይሆን በመድኃኒቱ ብቻ ወደ ላይ ይወጣል። ደሙ ከመጀመሪያው መጠን በፊት ቢቀዳ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለምርመራ ሲባል መድኃኒቱ መዘግየት የለበትም። ከተጀመረ በኋላ ከተቀዳ መጠኑና ሰዓቱ ከውጤቱ ጎን ይጻፍ። ኢንፌክሽን፣ በቅርቡ የተወሰደ ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር፣ ነጭ ሴል እንዲጨምር የሚሰጥ መርፌም ቁጥሩን ያዛባሉ።

«ፕላትሌት ዝቅ ካለ ጥሩ ምልክት ነው»

ካንሰር የሚያስነሳው ብግነት ጉበትን አነሳስቶ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሴል) እንዲበዛ ስለሚያደርግ፣ ፕላትሌት ለሊምፎሳይት ሲካፈል የሚመጣው ቁጥርም ይታያል። ካንሰሩ መቅኔን ሲወር ግን ፕላትሌት ይወድቃል፤ ያኔ ክፉው ሁኔታ በወረቀት ላይ መልካም መስሎ ይወጣል። ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሴል ፕሮቲን) እና አልቡሚን (በጉበት የሚሠራ የደም ፕሮቲን) አብረው ካልታዩ ይህ ያታልላል።

«ከ5 በላይ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ዋጋ የለውም»

ኒውትሮፊል ለሊምፎሳይት ተካፍሎ ለሚመጣው ውጤት ሁሉም የተስማማበት መለያ ቁጥር የለም፤ አንዱ ጥናት 3ን፣ ሌላው 5ን ይወስዳል። ቁጥሩ የሚናገረውም ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ቢያንስ 3 ወር ያህል ይኖራል ተብሎ ለሚገመት ታማሚ ነው፤ ግምቱ ግን በካንሰሩ መነሻ፣ በሌሎች አካላት ስርጭት፣ በመራመድ ችሎታና በታማሚው አጠቃላይ አቅም ላይ ይቆማል። ይህን ዕድሜ ለመገመት የሚያገለግለውና በ2005 የታደሰው የቶኩሃሺ መለኪያ ከ15 ነጥብ የሚሰጠው በእነዚህ ዓይነት ነገሮች ነው፤ የደም ሴል ቁጥር የለበትም። የደም ምርመራው ይህን ያጠናክራል እንጂ አይተካውም።

«ቁጥሩን ካወረድነው ዕድሜ ይረዝማል»

ቁጥሩ ምልክት ነው። በስቴሮይድ ምክንያት ወጥቶ ከነበረ መድኃኒቱ ሲቀነስ ይወርዳል፤ ካንሰሩ ግን ባለበት ነው።

«ውጤቱ ጥሩ ከሆነ መጠበቅ ይቻላል»

አዲስ የእግር መስነፍ፣ የሽንት አለመውጣት ወይም በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ ቁጥሩ 2 ይሁን 8፣ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል መሄድና የአከርካሪ ኤምአርአይ መነሳት ያስፈልጋል። ሕክምናው ሲጀመር መራመድ የሚችል ሰው ከዚያ በኋላም የመራመድ ዕድሉ ከሁሉም የተሻለ ነው።