የአምላክ ባሕርይና ከእርሱ ጋር የመዋሐድ መንገድ በሲክ እምነት

ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በፑንጃብ ምድር የተነሣው የሲክ እምነት ስለ አምላክ የሚያስተምረው በአንድ አጭር የእምነት ቃል ተጠቅልሎ ይገኛል። ቃሉ ሙል ማንታር ይባላል፤ ቅዱስ መጽሐፋቸውም የሚጀምረው በእርሱ ነው። አምላክ አንድ ነው፤ ስሙ እውነት ነው፤ የሁሉ ፈጣሪ ነው፤ ፍርሃት የለበትም፤ ጠላትነትን አያውቅም፤ ዘመን አይነካውም፤ ከማኅፀን አልተወለደም፤ ህላዌው ከራሱ ነው፤ የሚታወቀውም በጉሩ፣ በመንፈሳዊው መምህር፣ ጸጋ ነው። አልተወለደም ማለት ሥጋ ለብሶ፣ ሰው ሆኖ ወደ ምድር አይመጣም ማለት ነው። ስለዚህ ሲኮች ጣዖት አያቆሙለትም፤ መልኩንም አይሥሉም።

ፍጥረትን ሳያስገኝ በራሱ ብቻ ሲኖር ባሕርዩ የማይነገር፣ ኒርጉን ነው። ካስገኘ በኋላ ደግሞ በሁሉ ውስጥ የሚገለጥ፣ ሳርጉን ይሆናል፤ ይህም ያም ግን ያው አንዱ አምላክ ነው። ከወንድነትም ከሴትነትም በላይ ስለሆነ መዝሙሮቹ አባት፣ እናት፣ ባል እያሉ በነጻነት ይጠሩታል።

ከእነዚህ ባሕርያት ሁሉ «ጠላትነትን የማያውቅ» የሚለውን መቀበል ከባድ ይመስለኛል፤ በሰላም ዘመን የተነገረ ቃል አልነበረምና። የእምነቱ መሥራች ጉሩ ናናክ ባቡር የተባለው የሙጋል ንጉሥ ጦር በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሰሜን ሕንድን ሲወርር የነበሩ ሰው ናቸው። ስለዚያ እልቂት ባዘኑበት መዝሙር አምላክን ፊት ለፊት ይጠይቁታል፦ ይህ ሁሉ ዱላ ሲወርድባቸው፣ እንዲህ ሲጮኹ አንተን አላመመህም? ጥያቄው ዛሬም በቅዱስ መጽሐፉ ውስጥ አለ።

ናናክ እ.ኤ.አ. በ1469 ታልዋንዲ በምትባል መንደር ተወለዱ፤ መንደሯ ዛሬ ናንካና ሳሂብ ትባላለች፣ የምትገኘውም በፓኪስታን ነው። ጃናምሳኪ የተባሉት የሕይወት ትረካዎች እንደሚሉት በሱልጣንፑር ከተማ የመንግሥት ጎተራ ኃላፊ ሳሉ አንድ ማለዳ ሊታጠቡ ወደ ቤይን ወንዝ ገብተው ተሰወሩ። ሰጥመው ሞተዋል ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፤ የመጀመሪያ ቃላቸውም «ሂንዱም የለም፣ ሙስሊምም የለም» የሚል ነበር። እርሳቸው ራሳቸው በመዝሙራቸው ጥሪያቸውን የሚገልጹት ይበልጥ ዝቅ ብለው ነው። ሥራ ፈት አዝማሪ ነበርኩ፣ ጌታ ሥራ ሰጠኝ፤ ወደ አደባባዩ ጠርቶ የምስጋና ልብስ አለበሰኝ፣ ስሙን መገበኝ ይላሉ።

ሰው ይህን አምላክ በውስጡ ይዞት ሳለ የማያየው በሃውማይ ምክንያት ነው፤ «እኔ፣ የእኔ» ባይነት። መድኃኒቱ ናም፣ ማለትም የፈጣሪን ስም ማሰብና መጥራት ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ መጸለይ፣ አምላክን ዋሄጉሩ ብለው እየጠሩ ልብን መሰብሰብ፣ ኪርታን የተባለውን ዝማሬ መስማት የየዕለት ልማድ ነው። 1,430 ገጽ ያለው ቅዱስ መጽሐፋቸው፣ ጉሩ ግራንት ሳሂብ፣ አብዛኛው ክፍሉ በራጋ፣ በዜማ ስልት፣ የተደለደለ ነው። ከናናክ ጀምሮ ሲቆጠር አምስተኛው ጉሩ አርጃን በ1604 ሲያጠናቅሩት የሙስሊሙን ሱፊ የፋሪድን፣ የሸማኔውን የካቢርን፣ በትውልዱ የተናቀውን የቆዳ ሠራተኛ የራቪዳስን ግጥሞችም አብረው አስገቡ። አምላክን የቀመሰ ሰው ከየትም ወገን ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1708 ሲያርፉ የሰው ጉሩዎች ተራ አብቅቶ መጽሐፉ ራሱ ጉሩ ሆነ።

የነፍስ ጉዞ በደንብ የተተረከው በናናክ የጠዋት ጸሎት በጃፕጂ መጨረሻ ላይ ነው፤ አምስት ግዛቶች ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው ዳራም ነው፤ ምድር ሰው ግዴታውን የሚፈጽምባት ቤት ሆና ትታያለች። በጊያን፣ በእውቀት ግዛት፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፀሐዮችና ዓለማት ይገለጣሉ፤ ሰው ትንሽነቱን የሚያውቀው እዚህ ነው። በሳራም ልቦናና ማስተዋል ተቀጥቅጠው ይሠራሉ፤ በካራም የጸጋ ኃይል ይነግሣል። አምስተኛው ሳች፣ መልክ የሌለው አምላክ የሚኖርበት የእውነት ግዛት ነው፤ ናናክ እዚህ ሲደርሱ ይህን መናገር እንደ ብረት የጠነከረ ነው ብለው ያቆማሉ። ቀጣዩ ስንኝ ወደ አንጥረኛ ቤት ይመልሰናል፦ ትዕግሥት አንጥረኛው ነው፣ ማስተዋል መስፉ፣ እውቀት መዶሻው። ያም ሆኖ የመጨረሻውን በር የሚከፍተው የሰው ጥረት ሳይሆን ናዳር፣ የአምላክ የምሕረት እይታ ነው።

ዓለምን ትተው ተራራ ላይ ከሚኖሩ ዮጊዎች ጋር ናናክ ያደረጉት ክርክር ሲድ ጎሽት በሚባለው ረጅም ግጥም ውስጥ አለ። ሎተስ የተባለው አበባ ውኃ ላይ በቅሎ ውኃው እንደማያርሰው ሰውም ዓለም ውስጥ ሆኖ ይኑር ይላሉ። እውነት ከፍ ያለ ነው፣ ከእርሱ ግን በእውነት መኖር ይበልጣል የሚለውም የናናክ ቃል ነው። በየጉርድዋራው፣ በየሲኮች የጸሎት ቤት፣ ያለው ላንጋር፣ ማንም ሰው ዘሩና ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ መሬት ላይ ከሌላው እኩል ተቀምጦ የሚበላበት ነጻ ማዕድ፣ የዚሁ ትምህርት ሥራ ነው። ናናክም በ1539 ከማረፋቸው በፊት ተተኪ አድርገው የመረጡት መናኙን ልጃቸውን ስሪ ቻንድን ሳይሆን ባለ ትዳሩን ደቀ መዝሙር ሌህናን፣ በኋላ ጉሩ አንጋድ የተባሉትን ነበር። ከአሥሩ ጉሩዎች በልጅነታቸው ካረፉት ከስምንተኛው፣ ከሀር ክሪሻን በቀር፣ ሁሉም ትዳር የያዙ ነበሩ።