የአገር ኮኤፊሸንት ምንድን ነው? የፖርቱጋል ክለቦች የጋራ ሒሳብ

በሜይ 2025 የፖርቱጋል ሊግ ሲያልቅ ስፖርቲንግ 82፣ ቤንፊካ 80 ነጥብ ይዘው ጨረሱ (እዚህ ያሉት ዓመትና ወር ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እንግሊዝ ወይም ስፔን ቢሆን አንደኛውም ሁለተኛውም በቀጥታ ሻምፒዮንስ ሊግ ይገቡ ነበር። ሊዝበን ላይ ግን ስፖርቲንግ ዋንጫውን አንስቶ ሲያርፍ፣ ቤንፊካን አራት የማጣሪያ ጨዋታ ጠበቀው። ኒስን በደርሶ መልስ 2 ለ 0 እና 2 ለ 0 ረታ። ከፌነርባቼ ጋር ኢስታንቡል ላይ 0 ለ 0 ተለያይቶ በሜዳው በከሬም አክቱርኮግሉ ጎል 1 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለብቻው ድራማ ነው፦ ጎል አግቢው ወዲያው ለዚያው ለፌነርባቼ ተሸጠ፤ የፌነርባቼ አሰልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆም ተሰናብተው ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው ቤንፊካን ተረከቡ። ለማንኛውም በእነዚያ አራት ጨዋታዎች ላይ የተንጠለጠለው ቀላል ገንዘብ አልነበረም። የሻምፒዮንስ ሊግ የሊግ ምዕራፍ (ከማጣሪያ በኋላ ያለው ዋናው ዙር) የተሳትፎ ክፍያ ብቻ 18.62 ሚሊዮን ዩሮ ነው።

የፖርቱጋልን ሁለተኛ ወደ ማጣሪያ የሚልከው የአገር ውስጡ ሰንጠረዥ አይደለም። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል የሆነው ዩኤፋ የሚይዘው ሌላ ሰንጠረዥ አለ፤ የአገሮች ኮኤፊሸንት ይባላል።

የአገር ኮኤፊሸንት ማለት የአንድ አገር ክለቦች ሁሉ በአንድ የውድድር ዘመን በሦስቱ የአውሮፓ ውድድሮች (ሻምፒዮንስ ሊግ፣ ዩሮፓ ሊግና ኮንፈረንስ ሊግ) የሰበሰቡት ነጥብ ተደምሮ፣ በዚያ ዓመት አውሮፓ በገቡት የአገሪቱ ክለቦች ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የአምስት ተከታታይ ዓመት ቁጥር ሲደመር የአገሩ ደረጃ ይወጣል፤ ደረጃውም ስንት ክለብ፣ ከየትኛው ዙር እንደሚጀምር ይወስናል። የአፍሪካው ካፍም የአምስት ዓመት ደረጃ አለው፤ በእያንዳንዱ ውድድር ሁለት ሁለት ክለብ የሚልኩት 12ቱ የበላይ አገሮች ናቸው፣ ኢትዮጵያ አንድ አንድ የምትልከውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአውሮፓው ስሌት ግን ከዚያ ይጠነክራል።

ነጥቡ እንዲህ ይቆጠራል። ከሊግ ምዕራፉ ጀምሮ ድል 2፣ አቻ 1 ነው። በማጣሪያ ዙሮች ግማሹ ብቻ ይያዛል፤ ድል 1፣ አቻ 0.5። 1 ለ 0 ማሸነፍና 7 ለ 0 ማሸነፍ ልዩነት የላቸውም። የጭማሪ ሰዓት ውጤት ይቆጠራል፣ የመለያ ምት ግን አይቆጠርም። ኤፕሪል 2024 ቤንፊካ በዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ማርሴይ ላይ 1 ለ 0 ተሸንፎ በመለያ ምት ሲወድቅ በመዝገቡ የገባው አንድ ተራ ሽንፈት ነው። መለያ ምቱን አሸንፎ ቢያልፍም ኖሮ የዚያ ምሽት የጨዋታ ነጥብ ያው ዜሮ ነበር።

ከ2024/25 ወዲህ በዚህ ላይ ጉርሻ ይጨመራል። ሻምፒዮንስ ሊግ የሊግ ምዕራፍ መግባት ብቻውን 6 ነጥብ ያስገኛል፤ ከ24ኛ ወደ ላይ በእያንዳንዱ ደረጃ 0.25 እየጨመረ 1ኛው 12 ይወስዳል። ዩሮፓ ሊግ ላይ 1ኛው 6፣ ኮንፈረንስ ሊግ ላይ 4 ያገኛል። ከ16ቱ ዙር ጀምሮ ደግሞ ለእያንዳንዱ የተደረሰበት ዙር በሦስቱ ውድድሮች በቅደም ተከተል 1.5፣ 1 እና 0.5 ይታከላል።

በቁጥር ካልታየ አይገባም፤ ስለዚህ የቪቶሪያ ጊማራይስን የ2024/25 ጉዞ ዘርዝረን እንይ። የሰሜን ፖርቱጋሉ ክለብ ኮንፈረንስ ሊግን ከሁለተኛው የማጣሪያ ዙር ጀመረ። ፍሎሪያናን፣ ዙሪክንና ዝሪንስኪን በደርሶ መልስ ስድስቱንም ጨዋታ አሸነፈ፦ ማጣሪያ ስለሆነ 6 ነጥብ። በሊግ ምዕራፉ ከስድስት ጨዋታ አራት ድልና ሁለት አቻ፦ 10 ነጥብ። ከቼልሲ ቀጥሎ 2ኛ ሆኖ ጨረሰ፦ ጉርሻ 3.75። 16ቱ ውስጥ ገባ፦ 0.5። ሪያል ቤቲስ ሜዳ 2 ለ 2 ወጣ፦ 1። በመልሱ 4 ለ 0 ተቀጣ፦ ምንም። ድምሩ 21.25።

አሁን ከሌሎቹ ጎን አስቀምጡት። ባርሴሎናን እስከ መግጠም የደረሰው ቤንፊካ 21.75 አመጣ። ስፖርቲንግ 15.5፣ ብራጋ 12፣ ፖርቶ 10.75። ማለትም በሦስተኛው እርከን ውድድር የሚጫወት ክለብ ከቤንፊካ በግማሽ ነጥብ ብቻ አንሶ፣ የአገሩን ሻምፒዮን ግን በሩቅ ጥሎ ሄደ። የአምስቱ ድምር 81.25፣ ለ5 ሲካፈል 16.250። (ቪቶሪያን በመኸሩ በአውሮፓ ያለ ሽንፈት የመሩት ሩይ ቦርጅስ በዲሴምበር ወደ ስፖርቲንግ ተወስደው ያንኑ ዓመት ሊጉን በሉ። ትልልቆቹ ከትንንሾቹ የሚወስዱት ተጫዋች ብቻ አይደለም።)

እዚህ ጋ ነው ዩሮፓ ሊግና ኮንፈረንስ ሊግ የሚደረጉበት የሐሙስ ምሽት ዋጋ የሚታየው። ካዛኪስታን ሄዶ አስታናን ማሸነፍና በርናቤዩ ገብቶ ሪያል ማድሪድን ማሸነፍ ሁለቱም 2 ነጥብ ናቸው። የሻምፒዮንስ ሊግ ብልጫ ያለው ጉርሻው ላይ ነው። የሊዝበንን ፉክክር የሚያውቅ ሰው ይገርመው ይሆናል እንጂ፣ አምስት ክለብ በገባበት ዓመት እያንዳንዱ የቤንፊካ ድል ለስፖርቲንግ አገር 0.4 ያስገባል። ደጋፊው ሒሳቡን ስለሚያውቅ ብቻ ለባላንጣው ያጨበጭባል ማለት ግን አይደለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ማካፈሉን ነው። በ2023/24 ፖርቱጋል ስድስት ክለብ ነበራት። ሁለቱ፣ አሮካና ቪቶሪያ፣ ኮንፈረንስ ሊግን በሁለተኛው የማጣሪያ ዙር ጀምረው እዚያው ቀሩ፤ አሮካን የኖርዌዩ ብራን፣ ቪቶሪያን የስሎቬኒያው ሴልዬ በመለያ ምት አስወጣ። ሁለቱም አንድ አንድ ጨዋታ ስላሸነፉ ያዋጡት 1 ሲደመር 1 ነው። ቤንፊካ፣ ፖርቶ፣ ብራጋና ስፖርቲንግ ደግሞ 64 ሰበሰቡ። 66 ለ6 ሲካፈል 11.000። አራቱ ብቻ ገብተው ቢሆን 64 ለ4፣ 16 ይሆን ነበር። በኦገስት መጀመሪያ የተሰናበተ ክለብ እስከ ሜይ ድረስ በአካፋይነት ይቆጠራል፤ እንደ ዕቁብተኛ ነው፣ ባይከፍልም ስሙ ከመዝገቡ አይፋቅም። ቁጥሩም አይጠጋጋም፦ በ2021/22 77.5 ለ6 ሲካፈል 12.91666 ነበር፤ ዩኤፋ ከሦስተኛው አኃዝ በኋላ ቆርጦ 12.916 ጻፈ።

ታዲያ ፖርቱጋል የምትሻማው ለምንድን ነው? ለ6ኛ ደረጃ። 6ኛ የሆነ አገር ሁለት ክለብ በቀጥታ ሻምፒዮንስ ሊግ ያስገባል፣ 3ኛው ከሦስተኛው የማጣሪያ ዙር ይነሳል። 7ኛው የሚያስገባው ሻምፒዮኑን ብቻ ነው፤ 2ኛው ወደ ማጣሪያ። ማጣሪያው የዋዛ አይደለም። ፖርቱጋል 7ኛ በነበረችበት ጊዜ ፖርቶ በኦገስት 2019 ክራስኖዳርን ከሜዳው ውጪ 1 ለ 0 አሸንፎ፣ በመልሱ በሜዳው 3 ለ 2 ተረትቶ ከሜዳ ውጪ በሚቆጠር ጎል ወደቀ (ደንቡ በ2021 ተሽሯል)። በቀጣዩ ዓመት ቤንፊካ ተሰሎንቄ ላይ በአንድ ጨዋታ በፓኦክ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሁለቱም ዓመቱን ዩሮፓ ሊግ ላይ ገፉት። በ2021/22 አገሪቱ 6ኛ ሆና ስፖርቲንግና ፖርቶ በቀጥታ ገቡ፤ ከዚያ ኔዘርላንድስ አለፈቻት።

በ2024 ቤንፊካ ከማጣሪያ የዳነው በአገሩ ደረጃ ሳይሆን በዕድል ነው። አታላንታ ዩሮፓ ሊግን ሲያነሳ በጣሊያን 4ኛ ስለነበረ ሻምፒዮንስ ሊግ መግቢያው አስቀድሞ በእጁ ነበር። ክፍት የቀረው ቦታ በዚያ የማጣሪያ መስመር ካሉት ከፍተኛ የክለብ ኮኤፊሸንት ላለው ቡድን ይሰጣል፤ እሱም ቤንፊካ ነበር። የክለብ ኮኤፊሸንት ከአገሩ ጋር አይምታታ። የክለቡ ዕጣ ሲወጣ በየትኛው ቋት እንደሚገባ የሚወስን የግል መዝገብ ነው፤ የአገሩ የጋራ ነው።

ዓመቱን ለመከታተል መዝገቡን በጁላይ መክፈት ይበጃል። በ18 ክለቦች መካከል የሚደረገው ሊግ 34 ሳምንት ነው፣ በኦገስት ተነስቶ በሜይ ያልቃል፤ አውሮፓው ግን በሁለተኛው የማጣሪያ ዙር በጁላይ ይቀድመዋል። መጀመሪያ ስንት ክለብ እንደገባ ጻፉ፤ አካፋዩ እሱ ነው፣ አይለወጥም። ከዚያ እያንዳንዱን ውጤት መዝግቡ። የአገሪቱ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ የታሳ ደ ፖርቱጋል፣ አሸናፊ ዩሮፓ ሊግ ይገባል፤ በ2025 ስፖርቲንግ ሁለቱንም ዋንጫ ስለወሰደ ቦታው ለ3ኛው ፖርቶ ተላለፈ። የሊግ ካፑ፣ ታሳ ዳ ሊጋ፣ ለአውሮፓ ምንም ትኬት የለውም። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያይ የዕለቱ የመጨረሻ የአውሮፓ ጨዋታዎች በሴፕቴምበርና ኦክቶበር ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራሉ፤ በኦክቶበር መጨረሻ አውሮፓ ሰዓቱን ሲመልስ ግን 5 ሰዓት ይሆናሉ።

ደረጃው ሥራ ላይ የሚውለው ዘግይቶ መሆኑም ያደናግራል። በ2024/25 መጨረሻ የወጣው ሰንጠረዥ የ2026/27ን ቦታ ይወስናል። በዚያ ሰንጠረዥ ኔዘርላንድስ 67.150፣ ፖርቱጋል 62.266 ነበራቸው። ስለዚህ የ2025/26 የፖርቱጋል ሻምፒዮን በቀጥታ ይገባል፣ 2ኛው እንደገና ወደ ማጣሪያ። በ2025/26 የሚሰበሰበው ነጥብ ፍሬው በ2027/28 ነው የሚታየው።

6ኛ መሆን የራሱ ዕዳ አለው። ደረጃው ስድስተኛ ክለብ ይጨምራል፣ አካፋዩም ያድጋል። በ2025/26 ኔዘርላንድስ በ6 ስትካፈል ፖርቱጋል በ5 ነው፤ አሮካና ቪቶሪያ የወጡበት 11.000 በስድስት፣ 16.250ው በአምስት የተገኙ ናቸው።

ከሁሉም በላይ መታየት ያለበት የሚጣለው ዓመት ነው። አዲስ የውድድር ዘመን ሲጀመር አሮጌው አምስተኛ ይሰረዛል። የኔዘርላንድስ ብልጫ የተከመረው በ2021/22 ላይ ነው፦ አያክስ በሻምፒዮንስ ሊግ ምድቡ ስድስቱንም ያሸነፈበት፣ ፌይኖርድ ኮንፈረንስ ሊግ ፍጻሜ የደረሰበት ዓመት። አምስት ክለብ ብቻ ስለነበራት 19.200 አገኘች፤ ፖርቱጋል 12.916። ያ ዓመት 2026/27 ሲጀመር ከመዝገቡ ይወጣል። የ2025/26 ውጤት ሳይጨመር፣ ከ2022 እስከ 2025 ያሉት ሦስት ዓመታት ብቻ ሲደመሩ ፖርቱጋል 39.750፣ ኔዘርላንድስ 38.750 ናቸው። አንድ ሙሉ ነጥብ፣ ወይም ለአምስት ክለብ ሲካፈል፣ ሁለት ድልና አንድ አቻ።