ማዘጋጃ ያልፈረመ ሁሉ ላጤ አይደለም፦ ስለ «ያላገባ ወረቀት» የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከጅዳ ይደወል ከቤይሩት ወይም ከፍራንክፈርት፣ ጥያቄው አንድ ነው። «እዚህ ላገባ ነው፤ ያላገባ ወረቀት አምጪ አሉኝ፤ ቀላል ነው አይደል?» ላላገባ ሰው ቀላል ነው። ጨጓራዬን የሚልጠው ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ነው።

«ማዘጋጃ ሄጄ ስላልፈረምኩ አላገባሁም»

አግብተሻል እህቴ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ገና በአንቀጽ 1 ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። አንቀጽ 40 ደግሞ በየትኛውም ይፈጸም ውጤቱ እኩል ነው ይላል። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ የአማራ ክልሉም በዚህ ነጥብ አይለይም። ስለዚህ ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ የተገባበት ቤት ጋብቻ ነው። ቁርባንም ኒካሕም እንደዚያው። የምስክር ወረቀት ባይኖር እንኳ ባልና ሚስት ተባብሎ መኖሩ፣ ዘመድና ጎረቤት እንደዚያ ማየቱ በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በየገጠሩ የተዳረው ሕዝብ ሁሉ ላጤ ነው ልንል ነው?

ወሎ ገጠር በባህል የተዳረች አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። ከባሏ ጋር ባለመስማማታቸው ሽማግሌ አለያያቸው፤ እሷ አዲስ አበባ መጣች፣ መታወቂያ አወጣች፣ ከዚያ ሪያድ ገባች። ለማግባት ስታስብ ወረዳዋ ያላገባ ማስረጃ ሰጣት፤ መዝገቡ ላይ ባል የለማ! እዚያው አገባች። ኋላ የገጠሩ ሰውዬ የመሬት ደብተሩን ሊያስቀይር ሄደ። በአማራ ክልል የባልና ሚስት ይዞታ በሁለቱም ስም ስለሚመዘገብ የሷ ስም እዚያው አለ። «ስሟን አውጡልኝ» ቢል «የፍቺ ውሳኔ አምጣ» አሉት። ውሳኔ የታለ? ሴትዮዋ ሁለት ባል እንዳላት ያወቀችው በዚያ ቀን ነው።

ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ጋብቻ የሚያፈርሰው ግን ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱ ወገኖች ፈቅደው የቀረቡበት የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ፍርድ ቤት ነው፤ ውሳኔው በእጅ ይኑር እንጂ። ለረጅም ዓመታት ተለያይተው የኖሩ ሰዎችን ጋብቻ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በተግባር እንደፈረሰ የቆጠረባቸው ጉዳዮች አሉ። ታዲያ ይህን የሚለው ማስረጃ የሰማ ዳኛ እንጂ የወረዳ ጸሐፊ ወይም የሰፈር ምስክር አይደለም። የቀደመው ሳይፈርስ ሁለተኛ ማግባት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ያስጠይቃል፤ ሁለተኛው ጋብቻም ሊፈርስ ይችላል።

የሚገርመኝ ደግሞ በሥርዓቱ የተፋታው ሰው ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ ሻንጣው ውስጥ አለ፤ ፈት መባልን ነውር አድርጎት «ምንም አግብቶ አያውቅም» የሚል ወረቀት ያስፈልገኛል ይላል። ማን ጠየቀህ? የውጭ አገሩ መዝጋቢ ማወቅ የሚፈልገው ዛሬ በጋብቻ የታሰርክ መሆን አለመሆንህን ነው። ውሳኔውን አስተርጉምና አቅርብ። በጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ «ባለትዳር ነኝ» ብሎ የሞላ ሰው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ንጹሕ የላጤ ወረቀት ይዞ ሲቀርብ ፋይሉ እንደሚገላበጥ ይወቅ። ጀርመኖች ሰነዱ የወጣበት ቦታ ድረስ ሰው ልከው ያስጣራሉ።

አንዲት ሴት ከፍቺ በኋላ በማግስቱ ማግባት አትችልም፤ 180 ቀን መጠበቅ አለባት። እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ወይም ፍርድ ቤት ካነሳላት ግን ቀነ ገደቡ ይቀራል።

«ወንድሜ በውክልና ይጨርስልኛል»። ወረቀቱን ያወጣልሃል፤ ውክልናውን ኤምባሲ ፈርመህ ላክ፣ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፍ። ሙሽራ ሆኖ ግን አይቆምልህም፤ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 12 መሠረት ፍትሕ ሚኒስቴር ከባድ ምክንያት አይቶ ካልፈቀደ በቀር ተጋቢው ራሱ ይገኛል።

«አንዴ ካወጣሁት ይበቃኛል»። አይበቃም። ጀርመን ውስጥ ለውጭ ዜጋ ከከፍተኛው የክፍለ ሀገር ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሚሰጠው የማግባት ፈቃድ የሚያገለግለው 6 ወር ነው። በስዊድን የግብር መሥሪያ ቤቱ ለጋብቻ እንቅፋት የለም ብሎ የሚሰጠው ወረቀት ዕድሜው 4 ወር ነው። ሰርጉን ሳትቆርጡ ወረቀት አታስወጡ።

«አሜሪካም ይጠይቃል»። በአብዛኛው ስቴት አይጠይቅም፤ የካውንቲው ጽሕፈት ቤት ቅጽ አስሞልቶ ያስምልሃል። በሐሰት መማል ግን እዚያም ወንጀል ነው።

«ወረዳ ሰው አለኝ» ለሚለኝ መልስ የለኝም።

የወረዳው ማስረጃ የሚናገረው መዝገቡ ስለሚያውቀው ጊዜ ብቻ ነው። ስምንት ዓመት ኩዌት ለኖረ ሰው አዲስ አበባ ስለዚያ ስምንት ዓመት ምን ታውቃለች? ስለዚህ ከመሮጥ በፊት የምታገቡበትን መሥሪያ ቤት «የአገሬ ብቻ ይበቃል ወይስ የኖርኩበትም ያስፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ደላላ ዕድሜና ስም ቀይሮ ባወጣው ፓስፖርት ዓረብ አገር የገባችሁ ደግሞ ሌላ ሥራ አለባችሁ፤ በእውነተኛ ስማችሁ የሚወጣው ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ስለማይገጥም፣ የስም ማስተካከሉ ጉዳይ ቀድሞ ማለቅ አለበት። የልደት ሰርተፍኬቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና የአያት ስሙን ፊደል በፊደል፣ የትውልድ ዘመኑንም ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አዙራችሁ ተመልከቱ። ወንድማችሁን ወደ ወረዳ የምትልኩት ከዚያ በኋላ ነው።