ቲዲኤስ ምንድን ነው? የአኳሪየም ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ ሰው ለአኳሪየሙ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ወንፊት አሳልፎ የሟሟውን የሚያስቀር) ሊገዛ ፈልጎ ምክር ሲጠይቅ ሰማሁ። መልሱ ፈጣን ነበር፦ «ቲዲኤሱን ለካው። ዜሮ ካለ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ዝም ብለህ ግዛ።» ይህን ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። መካሪው በቅንነት ነው የተናገረው። ግን ተሳስቷል፤ ስህተቱም ዓሣ ይፈጃል።

ቲዲኤስ በውሃ ውስጥ የሟሙ ነገሮች ጠቅላላ መጠን ነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። ጣጣው ያለው እስክሪብቶ የምታክለው መለኪያ ላይ ነው።

አፉ የታሰረ ጆንያ ሚዛን ላይ ወጣ እንበል። ሚዛኑ ኪሎውን ይነግራችኋል። ውስጡ ስኳር ይሁን ሲሚንቶ ግን አይነግራችሁም። መለኪያውም 300 ፒፒኤም (በሊትር 300 ሚሊግራም ገደማ) ሲል ካልሲየም ይሁን ናይትሬት አይለይም። እንዲያውም ምሳሌዬ አዳላለት። መለኪያው ጭራሽ አይመዝንም። ውሃው ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ይለካና በሆነ ቁጥር አባዝቶ ይገምታል። ጆንያው መሬት ላይ ሲጎተት ድምፁን ሰምቶ ኪሎውን እንደሚናገር ሰው በሉት። ማባዣው ደግሞ እንደ መለኪያው ይለያያል፤ አንዱ 0.5፣ ሌላው 0.7 ይጠቀማል። ያው ውሃ በአንዱ 250፣ በሌላው 350 ቢል ሁለቱም አልተበላሹም።

ካላመናችሁ ሞክሩት። በተጣራ ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ስኳር አሟሙና ለኩ። ቁጥሩ እምብዛም ንቅንቅ አይልም፤ ስኳር ሲሟሟ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍማ። ባክቴሪያም አይታየውም። አሞኒያ ደግሞ 1 ፒፒኤም እንኳ ሳይሞላ ዓሣ ሊጎዳ ይችላል። 300 ላይ የሚቆም ቁጥር ያችን ታህል ቢነቃነቅ ማን ያስተውላል? ጆንያው ውስጥ ምላጭ ቢገባ ሚዛኑ አይሰማውም።

«እሺ፣ ዜሮ ከሆነስ?» ጆንያው ባዶ ነዋ። ባዶ ጆንያ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ካርቦኔት የሌለው ውሃ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) የሚደግፍለት ነገር የለውም፤ አሲድ ሲጠራቀም ፒኤቹ ድንገት ይወርዳል። ጉፒ ወይም የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊድ በዚያ ውሃ ብቻ አይኖርም። ወይ ማዕድን ትጨምሩበታላችሁ፣ ወይ ክሎሪኑ ከወጣለት የቧንቧ ውሃ ጋር ትደባልቁታላችሁ። የቧንቧ ውሃችሁ ለዓሣችሁ ከተስማማ ደግሞ ማጣሪያው ራሱ አያስፈልጋችሁም። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም። ዜሮ በእርግጥ የሚፈለገው ለባሕር አኳሪየም ጨው መበጥበጫ ነው። ተንኖ የጎደለውን ለመሙላትም ጥሩ ነው፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራልና።

ታዲያ መለኪያው ለምን ይጠቅማል? ሜምብሬኑን፣ ማለትም የማጣሪያውን ረቂቅ ወንፊት፣ ለመፈተሽ። የሚገባውንም የሚወጣውንም ለኩ። 400 ገብቶ 8 ከወጣ 98 ከመቶው ቀርቷል፤ ሜምብሬኑ ጤነኛ ነው። 60 ከወጣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ውሃ ሳይጣራ ሾልኮ እያለፈ ነው። 20 ገብቶ 8 ቢወጣ ግን ምኑ ያስመሰግናል? ስትለኩ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ ድፉት፤ ሜምብሬኑ ውስጥ ቆሞ ያደረው ውሃ ቁጥሩን ይሰቅለዋል።

ስትመርጡ ከሁሉ በፊት ስለ ካርቦኑ፣ ማለትም ክሎሪን ስለሚያስቀረው የከሰል ማጣሪያ፣ ጠይቁ። ክሎሪን ሜምብሬኑን ያልፋል፤ ሲያልፍም ይበላዋል። ስለዚህ ካርቦኑ ከፊት መቆም አለበት። ውሃችሁ በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ሲዋሃዱ የሚገኝ) የሚታከም ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ካርቦኑ ክሎራሚኑን ሲሰብረው አሞኒያ ይተርፋል፣ ከዚያም ከፊሉ ሜምብሬኑን ያልፋል። መጨረሻ ላይ የሚገጠመው ሬዚን (ከሜምብሬኑ ያመለጠውን የሚይዝ) ያኔ ቅንጦት አይደለም። (በነገራችን ላይ ሬዚኑ ሊያልቅ ሲል ሲሊካ፣ ቡናማ አልጌ የሚጠቀምበት ማዕድን፣ ቀድሞ ያመልጣል። ቁጥሩ ገና ዜሮ እያለ መስታወቱ ላይ ቡናማ አልጌ ካያችሁ ይህንንም ጠርጥሩ።) ማዕድን የሚጨምር ካርትሪጅ ያለውን የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ለአኳሪየም አልመክርም፤ ምኑን ምን ያህል እንደጨመረ አታውቁትም።

ካርቶኑ ላይ ያለውን የጋሎን ቁጥርም እንዳለ አትመኑት። በቀን 75 ጋሎን ማለት 284 ሊትር ገደማ ነው፤ የተለካው ግን በ25 ዲግሪ ሙቀትና በተወሰነ ግፊት ነው። ውሃው ከቀዘቀዘ ወይም ግፊቱ ከደከመ የምታገኙት በጣም ያንሳል። ለአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ሊትር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። በርሜል አስቀምጡለት፤ ወለል ይታጠብበታል።