«አፍልቼ ነው የምጠጣው» እና ሌሎች ስለ ስምጥ ሸለቆ ውኃ የሰለቹኝ ወሬዎች

የአንድ ጥልቅ ጉድጓድ የምርመራ ውጤት ይዤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ወዳለች አንዲት የገጠር ከተማ የገባሁ ዕለት፣ ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ ቀድሞኝ ከተማዋን እየዞረ ነበር። «በቦኖው ውኃ ላይ ፍሎራይድ ስለተገኘ ኅብረተሰቡ አፍልቶ እንዲጠጣ እናሳስባለን!» ይላል። ውጤቱን ከአንድ ቀን በፊት በስልክ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ማስታወቂያውን ያስነገረው መሥሪያ ቤት ፍሎራይድ የሚለውን ቃል በትክክል ሰምቷል፤ ችግሩን ግን ከሚያውቀው ብቸኛ መድኃኒት ጋር አጋብቶ ለቀቀው። የስብሰባውን የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት የፈጀሁት የባጃጁን ወሬ ስነቅል ነው። አልተነቀለም። ስንወጣ አንድ አባት ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ እናፈላዋለን» አሉኝ።

«ካፈላነው ምን ይሆናል?»

ይብሳል።

ውኃን የሚያበላሹት ነገሮች ሁለት ወገን ናቸው። ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ ኮሌራና ጃርዲያ የሚያመጡት ተሕዋስያን ሕይወት ስላላቸው እሳት ይገድላቸዋል። ፍሎራይድ ግን ከድንጋይ የሟሟ፣ ሲበዛ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳ ማዕድን ነው፤ ነፍስ የለው፣ ምኑ ይሞታል? በእንፋሎት የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፣ ማዕድኑ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ጨው የበዛበት ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ጨውነቱ ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል? ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ መልሱን ያውቃል። ነገሩ ወደ ውኃ ሲዞር ግን ዕውቀቱ ድንገት ይጠፋል።

በቁጥር እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ያስቀመጠውና ከዚያ በኋላም ያጸናው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የእናንተ ቦኖ በሊትር 3 ሚሊ ግራም አለበት እንበል። 4 ሊትር ስትጥዱ ድስቱ ውስጥ 12 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ አለ። አንድ ሊትሩ ተንኖ ሲያልቅ ያው 12 ሚሊ ግራም በ3 ሊትር ውስጥ ይቀራል፤ በሊትር 4 ሆነ ማለት ነው። ከሰል አቃጥላችሁ የበለጠ የተመረዘ ውኃ ጠጣችሁ።

በዚያው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት እጇን አወጣች። ለትንሿ ልጇ የምትሰጣትን ውኃ ሁልጊዜ ታፈላለች፤ ያውም «እርግጠኛ ለመሆን» ግማሽ እስኪሆን ድረስ። ግማሽ ሲሆን ፍሎራይዱ በእጥፍ እንደሚጠጥር ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ልጅቷን ወደ እኔ አዙራ ከንፈሯን በጣቷ ከፈት አደረገች። አዲስ የወጡት የፊት ጥርሶች ላይ የኖራ ጭረት የመሰለ ነጭ መስመር ተጋድሟል። ይህች ሴት ከሰፈሩ ሁሉ በላይ የተጠነቀቀች ናት። ያመንኩት «አፍሉ» የሚለውን ምክር ነው ብትል ማን ይፈርድባታል? ያናደደኝም ይኸው ነው፤ የተሳሳተ ምክር የሚጎዳው ምክር የሚሰማውን ሰው ነው። ግድ የሌለው ጎረቤቷ ለልጁ ሳያፈላ የሰጠው ውኃ የተሻለ ነበር።

ይህን ሰምታችሁ ደግሞ ማፍላት በጭራሽ አያስፈልግም ብላችሁ እንዳትወጡ። አንድ ጊዜ እንዲህ ተተርጉሞብኝ ያውቃል፣ ተቅማጥ ይዞት ቤት የዋለ ሰው ነው «አንተ አይደለህ ያልከው» ያለኝ። የእጅ ጉድጓድ፣ ያልተከለለ ምንጭ፣ ጎርፍ የገባበት ቧንቧ ከሆነ አፍሉ። ውኃው ተንፈቅፍቆ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ ይበቃዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ ሦስት ደቂቃ። የዝዋይ አካባቢ 1600 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ደቂቃው ይበቃል። ከዚያ በላይ ማንተክተክ ከሰል መፍጀት ነው። ጥያቄው «ላፍላ ወይስ አላፍላ» አይደለም፣ «ውኃዬ ውስጥ ያለው ምንድን ነው» ነው። መልሱ ሳይታወቅ መድኃኒት የሚያዝ ሰው ሐኪም ቢሆን ኖሮ ፈቃዱን ይነጠቅ ነበር።

«ውኃ አጋር ጨምሬበታለሁ»

ያው ስሕተት፣ በሌላ ጠርሙስ። ውኃ አጋር ክሎሪን ነው። ክሎሪን ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ግማሽ ሰዓት ስጡት እንጂ ሥራውን በደንብ ይሠራል። ፍሎራይድን ግን አይነካውም። «ክሎሪን ሴትን ያመክናል» የሚባለውም ሐሰት ነው፤ በቧንቧ ጫፍ የምንፈልገው መጠን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ሽታው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ውኃውን በሰፊ ዕቃ ክፍቱን ትንሽ አቆዩት፣ ይለቀዋል።

«ጥርሱ የበለዘው ስለማይፍቅ ነው»

ይህን የሚሉት አብዛኞቹ ከሌላ አካባቢ ተዛውረው የመጡ፣ ጥርሳቸው ነጭ የሆነ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። «እኔም ይህንኑ ውኃ ነው የምጠጣው፣ እዩኝ» ይላሉ አንድ አስተማሪ፣ ተማሪዎቹ እየሰሙ።

እርስዎን ማየት ምንም አያስረዳም፣ ጋሼ። የጥርስ ሽፋን ድድ ውስጥ እያለ፣ በልጅነት፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው የሚሠራው። በዚያ ዕድሜ ፍሎራይድ የበዛበትን ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ሲበቅል ጀምሮ ነጭ ጭረት ወይም ቡናማ ቀለም ይዞ ይወጣል። እርስዎ 25 ዓመት ሞልቶዎት ስለመጡ ጥርስዎ ቀድሞ አልቋል። የእርስዎ ችግር ከመጣ በአጥንት በኩል ነው የሚመጣው፣ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ።

በመፋቂያ የሚለቅ ነገር አይደለም፤ ቀለሙ ከላይ የተለጠፈ ሳይሆን ከሽፋኑ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። በአመድና በአሸዋ ጥርሳቸውን እየፈገፈጉ ድዳቸውን ያደሙ ልጃገረዶች አይቻለሁ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እባካችሁ «ቆሻሻ» አትበሏቸው።

«ቁርጥማት ነው፣ እርጅና ነው»

አንዳንዱ ነው። ግን የ40 ዓመት ሰው አንገቱን ማዞር ሲያቅተው፣ ጀርባው ደርቆ ጫማውን ማሰር ሲሳነው፣ ጎረቤቱም እንዲሁ ከሆነ፣ ዕድሜን ከመውቀስ በፊት ውኃውን አስመርምሩ። ፍሎራይድ አጥንት ላይ ይከማቻል፤ ጅማቱ ሳይቀር እንደ አጥንት ይደርቃል። በወንጂ የስኳር እርሻዎች ሠራተኞች ላይ ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሐኪሞች ተጽፏል። አዲስ ወሬ አይደለም።

«አበባ እርሻው ነው የበከለን»

የወንጂውን ዓመት ያነሳሁት ለዚህም ነው። የአበባ እርሻዎች በአገራችን የተስፋፉት ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ የበለዘው ጥርስ ግን ከእነሱ በፊት ነበረ። ፍሎራይዱ የመጣው ከመሬቱ ነው፦ ከእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከፓሚስ፣ ከራዮላይት ድንጋይ። ከግራና ቀኝ ደጋ የሰረገው ውኃ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ረጅም ዘመን ሲጓዝ ማዕድኑን ያሟሟዋል።

ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚነሳው ስጋት ግን የራሱ ጉዳይ ነው፣ የራሱ ምርመራም አለው። የፍሎራይድ ውጤት ይዛችሁ እርሻው በር ላይ ከቆማችሁ ባለቤቶቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይረቷችኋል፤ እውነተኛው ጥያቄያችሁም አብሮ ይወድቃል።

«ጥልቅ ስለሆነ ንጹሕ ነው»

ከተሕዋስያን አንጻር ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ከማዕድን አንጻር ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፦ ጥልቅ ውኃ ከድንጋዩ ጋር ብዙ ቆይቷል፣ ብዙ ጊዜም ሞቅ ያለ ነው። ቦኖው ለብ ያለ ውኃ ከሰጣችሁ ደስ አይበላችሁ። አንዱ ጉድጓድ ደኅና ሆኖ በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ያለው ሌላው የማይጠጣ ሊሆን ስለሚችል «የጎረቤት ቀበሌው ተመርምሯል» የሚባል ማስረጃ የለም። ሐይቆቹን ተመልከቱ፤ ዝዋይ ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ሲሆን እዚያው ደቡብ ላይ ያለው ሻላ ግን ከመጠጥ ውኃው ጣሪያ ከመቶ እጥፍ በላይ ፍሎራይድ ተሸክሟል።

ፍል ውኃም እንዲሁ ነው። ታጠቡበት፣ አትጠጡት።

«ይህቺ ውኃ እኮ ሳሙና አትበላም!»

ከሁሉም የምወዳት ክርክር ይህቺ ናት፤ ከተሳሳቱት ሁሉ በትኩረት ያየ ሰው የሚናገራት እሷን ብቻ ስለሆነ። ሴቶቹ ትክክል ናቸው፦ ያቺ የጥልቁ ጉድጓድ ውኃ በትንሽ ሳሙና አረፋዋ ድፍን ይላል፣ ባቄላውንም ቶሎ ታበስለዋለች፣ ስትጠጣም ትለሰልሳለች። ስለዚህ «ጥሩ ውኃ» ተብላለች። የድሮው ጉድጓድ ደግሞ ሳሙና ይበላል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ስለዚህ «መጥፎ» ነው።

ሳሙና የሚበላው ካልሲየም ነው። ካልሲየም በበዛበት ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ከእሱ ጋር ተጣብቆ ስለሚዘቅጥ ብዙ ሊሟሟ አይችልም። ካልሲየሙ ተወስዶ በምትኩ ሶዲየም የገባበት ውኃ ግን ለልብስ አጣቢ ገነት ነው፣ ለፍሎራይድም እንዲሁ። እናንተ ያሞገሳችኋት ልስላሴ እኔን የምታስጠረጥረኝ ምልክት ናት። ማረጋገጫ ግን አይደለችም፤ ሳሙና ይዞ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዞረ ውጤት የሚያውጅ ሰው እንዳይመጣብኝ።

«ማጣሪያ ተተክሎልናል»

የትኛው? የአሸዋና የሸክላ ማጣሪያ ደፍራሽ ውኃን ያጠራል፣ ተሕዋስያንንም ይቀንሳል፤ የሟሟ ፍሎራይድ ግን ያልፈዋል። ፍሎራይድን የሚይዙት ሌሎች ናቸው፦ የአጥንት ከሰል፣ አክቲቬትድ አሉሚና (ፍሎራይድን የሚስብ የአሉሚኒየም ውህድ)፣ በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ማዝቀጥ (በሕንድ ከተማ ስም ናልጎንዳ ይባላል)፣ ወይም ውኃውን በግፊት በረቂቅ ስስ ሽፋን የሚያሳልፈው፣ መብራትና ገንዘብ የሚበላው ሪቨርስ ኦስሞሲስ።

የአጥንት ከሰልን በተመለከተ «የየትኛው እንስሳ አጥንት ነው? ማን አረደው? በጾምስ?» የሚለው ጥያቄ የሚገባ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ እንደ ኋላቀርነት ያዩታል፣ እኔ አላየውም። ከሃይማኖት አባቶቹ ጋር አስቀድሞ ያልተነጋገረ ፕሮጀክት ማጣሪያውን ሳይሆን ሐውልት ነው የሚተክለው።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። ማጣሪያው የያዘውን ይዞ ይሞላል። ሲሞላ አይዘጋም፣ አይደፈርስም፣ አይሸትም፤ ውኃው እንደ በፊቱ ጥርት ብሎ ይወርዳል። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለውን ማጣሪያ፣ ስሙ በትልቅ ሰሌዳ የተጻፈበትን፣ መግቢያውንና መውጫውን ለካሁ፤ ልዩነት የለውም። መቼ ተቀየረ ብዬ ብጠይቅ ጥበቃው «ከተመረቀ ወዲህ ማንም አልነካውም» አለኝ፣ በኩራት። በየወሩ መውጫውን የማይለካ የውኃ ኮሚቴ ማጣሪያ አለኝ ባይል ይሻላል።

ባጭሩ የማልፋቸው

«የጥርስ ሳሙናም ፍሎራይድ አለው።» ተጉመጥምጦ የሚተፋ ነገር ነው፤ በቀን ሁለት ሊትር አትጠጡትም።

«ንጹሑ ውኃ ለመጠጥ ብቻ ይሁን።» ለወጡ፣ ለገንፎውና ለሻዩም ጭምር። የሻይ ቅጠሉ ራሱ ፍሎራይድ አለው።

«ልብስ ማጠቢያውም ይቀየር።» አያስፈልግም፤ በቆዳ አይገባም። ጥሩውን ውኃ በልብስ አታባክኑ።

«የምታጠባ እናት ልጇን ትመርዛለች።» አትመርዝም። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነው። በዚያው ውኃ የሚበጠበጠው የቆርቆሮ ወተት ነው የሚያሰጋኝ።

እንግዲህ ምን እናድርግ ካላችሁ፣ መላ ከተማዋን የሚያጠጣ አዲስ ምንጭ እስኪገኝ ለአንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ በቀን አምስት ሊትር ያህል ይበቃል። ያን ያህል ከጣራ የሚወርድ የዝናብ ውኃ በሮቶ ማጠራቀም፣ ወይም ፍሎራይዱ ዝቅ ካለ ጉድጓድ በጀሪካን ማምጣት ይቻላል። የእጅ ጉድጓድ ከሆነ ያንን አፍሉት፤ እሳቱ እዚያ ይጠቅማል። ሁሉንም ቤት ማዳረስ ካልተቻለ ከስምንት ዓመት በታች ልጆች ያሏቸውን ቤቶች አስቀድሙ። ኮሚቴው በዚህ ቅደም ተከተል ሲጣላ አይቻለሁ፤ አይጣላ።

ናሙና ስታመጡም እንዲህ ይሁን። ለፍሎራይድ ከሆነ የፕላስቲክ ሃይላንድ ይበቃል፣ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ ሙሉት፤ በረዶም ጥድፊያም አያስፈልገውም። ለተሕዋስያን ከሆነ ግን በሃይላንድ አታምጡብኝ። ከእኛ የተቀቀለ ጠርሙስ ወስዳችሁ፣ በበረዶ ሣጥን አድርጋችሁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ድረሱ። ሦስት ቀን አውቶቡስ ላይ የሰነበተ ውኃ ስለ አውቶቡሱ ነው የሚነግረኝ። የጉድጓዱን ስምና ቀኑንም ጻፉበት። መደርደሪያዬ ላይ «የሰፈራችን ውኃ» የሚል የተለጠፈባቸው ሦስት ጠርሙሶች አሉ፤ አንዱ በሊትር 6 ሚሊ ግራም ወጥቶበታል፣ የማን ሰፈር እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።