ሪሰርች መቼ ልጀምር? ጎንደር ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

አዲስ የሕክምና ተማሪ በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። «ሪሰርች መቼ ልጀምር?» መልስ የሚሰጥ ደግሞ ሞልቷል፤ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ሰው ሲያሳስቱ ያየኋቸውን ላንሳ።

«አንደኛ ዓመት ላይ ካልጀመርክ አለቀልህ»

ይሄ ከዩቲዩብ የመጣ ነው። አሜሪካ ፕሪሜድ የሚባለው ተማሪ መጀመሪያ አራት ዓመት ዲግሪ ይማራል፣ ኤምካት የሚባል ፈተና ይፈተናል፣ ከዚያ ነው ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚያመለክተው። ሪሰርች ማመልከቻውን ያጠናክርለታል፤ ኤምዲ ፒኤችዲ (የሐኪምነትና የተመራማሪነት ዲግሪ ባንድ ላይ) ለሚፈልግ ደግሞ የግድ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ግን ከ12ኛ ክፍል ነው የምንመጣው፣ በር ላይ «የሠራኸውን ጥናት አሳይ» የሚለን የለም። አንደኛ ዓመት ውጤትህን ያዝ፣ በቃ።

«ሪሰርች የመጨረሻ ዓመት ጉዳይ ነው»

የባሰው ስህተት ይሄ ነው። መጨረሻ ላይ ርዕስ መምረጡ፣ ፕሮፖዛሉ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዱ፣ ዳታው፣ ከዚያ ደግሞ የዋርዱ አዳር ባንዴ ይወርዱብሃል፤ ከዚያ በፊት የዳታ ፋይል ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ትንታኔውን ሠርቶ የሚሰጠው ሰው በገንዘብ ሲፈልግ ታገኘዋለህ። ትንታኔውን ሌላ ሰው የሠራለት ተማሪ ዲፌንስ ላይ፣ ከትንታኔው የሚወጣው ፒ ቫልዩ የሚባለው ቁጥር ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ሲያልበው አይቻለሁ። እኔን ከጠየቅከኝ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ትምህርቱን ከለመድክ በኋላ፣ በሳምንት ሦስት አራት ሰዓት ይበቃል። ክረምቱ ደግሞ አለልህ።

«ላብራቶሪ ከሌለ ሪሰርች የለም»

ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ምን አየ? ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣ ሞቶ አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመግደሉ ሥራ የተጀመረው ከዚያ ነው። ደግሞ ጎንደር ቁጭ ብሎ እንዲህ ማለት ያስቃል። የጤና ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው እኮ ከዓመት በፊት እዚሁ አጠገብ ደምቢያ ላይ ወባ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ ነው። ዳባት ወረዳ ላይ ደግሞ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየተዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ ይመዘገባል። ማይክሮስኮፕ የለበትም፣ ሪሰርች ግን ነው።

«ዳታ መሰብሰብ የተላላኪ ሥራ ነው»

እኔም እንደዛ ይመስለኝ ነበር። ደምቢያ ውስጥ አንድ ቤት ገብቼ፣ ቡና እየተቆላ፣ «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አልኩ። «ምኑን አውቄው ልጄ፣ ጃንሆይ ሲወርዱ የበኩር ልጄን አዝዬ ነበር» አሉኝ። ቅጹ ላይ ያለችው አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት። 70 ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ማታ ሱፐርቫይዘራችን ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ የሁሉም ዕድሜ በ0 ወይም በ5 ያልቃል። «ይሄ ሁሉ ሰው በአምስት ዓመት አንዴ ነው እንዴ የሚወለደው?» አለ። ሳቅን፣ ግን አፈርኩ። በማግስቱ ተመልሼ ከ1967 ዓ.ም. ተነስተን፣ ልጁ ያኔ ይሄድ ነበር ወይስ ገና ይድህ ነበር፣ እሳቸው ሲያገቡ ስንት ዓመታቸው ነበር እያልን ቆጠርን። 68 መጣ። ሁለት ዓመት ብቻ ናት፣ ግን ሁሉም ሰው እንደኔ ቢጠጋጋ ሰንጠረዡ ምን እንደሚመስል አስበው። ይህን ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም።

«ስሜ ጆርናል ላይ ካልወጣ ከንቱ ነው»

አይደለም። በተለይ «ክፈልና በሳምንት እናትምልሃለን» የሚል ኢሜይል ከመጣ ሳትከፍተው አጥፋው። መጠይቅ ስለሞላህ ብቻ ደራሲ አትሆንም፤ በመጻፉም እጅህ ካለበት፣ የመጨረሻውን ረቂቅ አንብበህ ካጸደቅክና ለሥራው ከነስህተቱ ኃላፊነት ከወሰድክ ነው ስምህ የሚገባው። ይህን ከመምህሩ ጋር መጀመሪያ ላይ ተነጋገሩ፣ በኋላ ቅያሜ ይሆናል።

«ጎበዝ ካልሆንኩ ማንም አይቀበለኝም»

መምህራን የሚያጡት ጎበዝ ልጅ ሳይሆን ጀምሮ የማይጠፋ ልጅ ነው። «ዶክተር፣ ሥራ አለ?» ብለህ ብቻ በቴሌግራም አትላክ። ከጻፉት አንዱን ፈልገህ አንብብ፤ የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያው ፐብሜድ ነፃ ነው፣ በግቢው ኔትወርክ ደግሞ የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች የሚከፍተውን ሂናሪን ሞክር። ከዚያ የትኛውን እንዳነበብክ፣ ያልገባህን አንድ ነገር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳለህ ጻፍላቸው። መልስ ካልመጣ በሳምንቱ በአካል ሂድ። ጠዋት ራውንድ ላይ ግን አትያዛቸው፤ ከሰዓት ነው፣ ቢሮ በር ላይ።