ደረጃ የሚወጣ ሰው ሜዳ ላይ ለምን ይቆማል?

«አባቴ ደረጃ ይወጣል፤ ሳሎን ውስጥ ግን እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል። እያስመሰለ ይሆን?» የፓርኪንሰን ሕሙማንን በምንንከባከብ የባሕር ዳር ቤተሰቦች መካከል ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። አያስመስልም። እባካችሁ አትቆጡት።

ጤነኛ ሰው ሲራመድ ስለ እያንዳንዱ እርምጃ አያስብም፤ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ያለ ሥርዓት በልማድ ያስኬደዋል። በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ሲያንስ ይህ ሥርዓት ይዳከማል። እርምጃ ያጥራል፤ በር ላይ ወይም ሲዞሩ እግር ድንገት ይቆማል። ዓይን የሚይዘው ምልክት ሲኖር ግን ሰውየው እርምጃውን አስቦ ይወስዳል፤ አንጎሉም የተዳከመውን ሥርዓት በሌላ መንገድ የሚያልፍ ይመስላል። እያንዳንዱ የደረጃ እርከን እንዲህ ያለ ምልክት ነው።

ስለዚህ ከመኝታ ቤት እስከ በሩ ከወለሉ ቀለም የሚለይ ፕላስተር ለጥፉ። መስመሩ መሄጃውን የሚያቋርጥ ይሁን፤ በመሄጃው አቅጣጫ የተሰመረ እምብዛም አይረዳም። በመስመሮቹ መካከል አንድ ምቹ እርምጃ ያህል ተዉ፤ ከዚያ «መስመሩን ተሻገር» በሉት። ጣና ዳር ስትንሸራሸሩ የንጣፉ መጋጠሚያ ያንኑ ሥራ ይሠራል። እግሩ ሲቆም ክንዱን አትጎትቱ፤ ይወድቃል።

መስመር የብዙዎችን እርምጃ እንደሚያረዝም በጥናት ታይቷል። የሚጠቅመው ግን ሁሉንም እኩል አይደለም፤ ያው ሰው እንኳ መድኃኒቱ ሲሠራና ኃይሉ ሲያልቅ ይለያያል። ተስማሚውን ርቀት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አይቶ ቢወስንላችሁ ይመረጣል።